ጀልባው ሲያልፍ እንቁላሉን ማን ይጠብቃል?

ባለፈው እትም ስለ ዓሦች ጎጆ ጽፌ ነበር። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ «የሞተር ጀልባ ድምፅ የዓሦችን መራባት ያውካል» የምትል ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ አለፍኩ። ሳላብራራት ማለፌ ስህተት ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች በሙሉ የሚያነሱት እሷን ነው። ግማሹ ይጠይቃል፣ ግማሹ ይቆጣል። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ሰጥቻለሁ። ከባሕር ዳርቻ ባለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ማይክሮፎን እያወረድኩ ዓሦችን ሳዳምጥ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የምመልሰው ካነበብኩትም በጆሮዬ ከሰማሁትም ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የገጹ አዘጋጅ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ጀልባዬን ይዤ ባሕር እወጣለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓሣ ከጀልባዬ ሲሸሽ አይቻለሁ፤ በድምፅ ሲሞት ግን አንድም ቀን አላየሁም። ለመሆኑ ዓሣ ጆሮ አለው? ቢኖረውስ፣ ማዕበል ከድንጋይ ሲላተም የሚያሰማው ጩኸት ከእኔ ትንሽ ሞተር አይብስም?

መልስ፦ አባቴ፣ ዓሣ ጆሮ አለው። ከውጭ ስለማይታይ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። ከራስ ቅሉ ውስጥ በግራና በቀኝ ኖራ ከመሰለ ማዕድን የተሠሩ ትንንሽ ጠጠሮች አሉት። ድምፅ ውሃውን ሲያንቀጠቅጥ የዓሣው ሰውነት አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጠጠሮቹ ከሥጋው ስለሚከብዱ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ያቺን ልዩነት ከጠጠሮቹ ሥር ያሉ ስስ ፀጉሮች ይይዟታል። የዓሣ መስማት ማለት ይህ ነው። ብዙ ዓሦች በተጨማሪ በሆዳቸው ውስጥ አየር የተሞላ ከረጢት አላቸው። በአንዳንዶቹ ከረጢቱ ድምፁን ተቀብሎ ለጆሮ ያቀብላል፤ እነዚህ ከሌሎቹ ይልቅ ጆሯቸው ሰላ ያለ ነው።

ቀጥሎ ውሃውን ያስቡት። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በባሕር ውሃ ውስጥ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ርቆም ይሰማል። ብርሃን ደግሞ በውሃ ውስጥ ቶሎ ይደክማል፤ በደፈረሰ ዳርቻ ላይ እጅዎን ዘርግተው ጣትዎን ላያዩት ይችላሉ። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ፍጡር አዳኝም ሲመጣ፣ ሚስትም ሲፈልግ፣ ጎረቤትም ሲጣላው መጀመሪያ የሚያውቀው በጆሮው ነው።

ስለ ማዕበሉ እውነት አለዎት። ባሕር ዝም ብሎ አያውቅም። ንፋሱም ዝናቡም ይጮኻል። ነገር ግን ዓሦች ከነዚህ ድምፆች ጋር ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት አብረው ኖረዋል። የሞተር ጀልባ እንግዳ ነው። አብዛኛው የድምፁ ጉልበት ያለው ደግሞ ከ1,000 ሄርዝ በታች ባለው ወፍራም ድምፅ ላይ ነው (ሄርዝ ማለት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ የሚለካበት ነው)። ብዙዎቹ ዓሦች ደህና አድርገው የሚሰሙትም የሚጣሩትም እዚያው ላይ፣ በጥቂት መቶ ሄርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሞተሩ የሚጮኸው በንግግራቸው ላይ ተደርቦ ነው። ጊዜውም ይገጥማል። ጀልባ የሚበዛው ሙቀት ሲመጣና ባሕሩ ሲረጋ ነው፤ በብዙ ዳርቻዎች ዓሣ እንቁላል የሚጥለውም ያኔ ነው።

«ሲሞት አላየሁም» ያሉት ትክክል ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚታይ ነገር የለም። ዓሣው አይሞትም። ሲጣራ ሳይሰማ ያድራል። ወይም እንቁላሉን ትቶ ለአፍታ ዞር ይላል፣ በዚያች አፍታ ሌላ ዓሣ መጥቶ ይውጠዋል። እርስዎ የሚያዩት የረጋ ውሃ ብቻ ነው።

እስቲ ስለ አንድ የሚጣራ ዓሣ ልንገርዎ። ሚድሺፕማን ይባላል፤ በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ይኖራል። በመራቢያው ወቅት ወንዱ ከጥልቁ ወጥቶ ወደ ዳርቻ ይመጣና ከድንጋይ ሥር ጎጆ ያበጃል። ሌሊት ሲሆን ማንጎራጎር ይጀምራል። በአየር ከረጢቱ ላይ የተጣበቁት ጡንቻዎች በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ይኮማተራሉ፤ አንዱ እንጉርጉሮ ሳይቋረጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ሳውሳሊቶ፣ በተንሳፋፊ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች በዚህ ድምፅ እንቅልፍ አጥተው የማሽን ድምፅ መስሏቸው ነበር። ዓሣው ነበር። ሴቷ ያንን ድምፅ ተከትላ ትመጣለች፣ እንቁላሏን ከድንጋዩ ጣሪያ ላይ ለጥፋ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ጎጆውን የሚጠብቀው አባትየው ነው። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ የሴቷ ጆሮ ነው። በመራቢያ ወቅት በሆርሞን ምክንያት ተለውጦ የወንዱን ጥሪ ይበልጥ አጥርታ መስማት ትጀምራለች። አንድ ሞተር ሲያልፍ የሚሸፍነው ይህን ያህል የተለፋለትን ጥሪ ነው።

የሚድሺፕማን ዘመድ የሆነ ቶድፊሽ የሚባል ዓሣ በፖርቱጋል የታጉስ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ስፍራ ይኖራል። በዚያ የሚመላለሱ የመንገደኛ ጀልባዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የነዚህ ጀልባዎች ድምፅ ባለበት ዓሦቹ አንዱ የሌላውን ጥሪ የመስማት አቅማቸው በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

እኔም የራሴን ልጨምር። አንድ ሌሊት ከጓደኛዬ ጋር ሞተራችንን አጥፍተን ሃይድሮፎን፣ የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ማለት ነው፣ አራት ሜትር ያህል አወረድን። ከሥራችን አንድ ወንድ ቶድፊሽ ይጣራ ነበር። ከሩቅ እንደሚሰማ የመርከብ ጥሩምባ አጭርና ወፍራም ድምፅ ነው። ቆጠርኩ፤ በደቂቃ ስምንት፣ አንዳንዴ ዘጠኝ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጀልባ መጣ። መብራቱን በዓይናችን ከማየታችን በፊት ድምፁ በማዳመጫው ውስጥ ሞላ። ጥሪው ተዋጠ። ጀልባው ካለፈም በኋላ ዓሣው ዝም እንዳለ ቀረ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ። ድምፁ ሲመለስ ጓደኛዬ ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ ሁለታችንም ቃል አልተናገርንም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለተኛው ጀልባ መጣ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ጽሑፍህን ለመምህራችን ባሳያቸው «ጀልባ በሚበዛበት ቦታ ዓሣ ቢያንስ ድምፁ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ አጥማጅም አለ፣ ነዳጅም ይፈሳል፣ መልሕቅም ይጣላል» አሉኝ። ታዲያ ድምፁን ከሌላው ለይተው ያወቁት እንዴት ነው?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ መምህርሽ የጠየቁት ዋናውን ጥያቄ ነው። መልሱ ጀልባውን አስቀርቶ ድምፁን ብቻ ማምጣት ነው። ድምፁን ትቀጂዋለሽ፣ በውሃ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ታጫውቺዋለሽ። ነዳጅ የለም፣ መረብ የለም፣ መልሕቅ የለም። የቀረው ድምፅ ብቻ ነው።

በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ በሚባለው የኮራል አለት (ኮራል ትንንሽ የባሕር እንስሳት የሚገነቡት አለት ነው)፣ በሊዛርድ ደሴት ዙሪያ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ያደረገው ይህንኑ ነው። የመረጡት ዓሣ ስፓይኒ ክሮሚስ ይባላል። የመረጡበት ምክንያት ግሩም ነው። የብዙዎቹ የኮራል ዓሦች ጫጩቶች ከእንቁላል እንደወጡ በውሃው ተወስደው ይበተናሉ፤ ማን የት እንደደረሰ አይታወቅም። የዚህ ዓሣ ልጆች ግን ከእናትና ከአባታቸው ሥር አይጠፉም። ስለዚህ መቁጠር ይቻላል። ተመራማሪዎቹ 38 ጎጆዎችን ለሁለት ከፈሉ። በ19ኙ አጠገብ ለ12 ቀናት የጀልባ ድምፅ አጫወቱ። በሌሎቹ 19 አጠገብ የኮራሉን የራሱን የዘወትር ድምፅ አጫወቱ። የዘወትሩን ድምፅ በሰሙት በሁሉም ጎጆዎች ልጆች ተረፉ። የጀልባ ድምፅ ከሰሙት ውስጥ በስድስቱ አንድም ልጅ አልተረፈም።

ለምን? አባቶቹን ተከታትለው አዩአቸው። የጀልባ ድምፅ ሲኖር አባትየው ሌሎችን በማሳደድና በመከላከል ይጠመዳል። ምግብ መልቀም ይቀንሳል፤ ከልጆቹ ጋር የሚያሳልፈውም ጊዜ ያንሳል። ልጆቹን የሚጠላ ሆኖ አይደለም መቼም። ተረብሿል። ቤቱ ላይ አንድ ነገር እየመጣ መስሎታል፣ ግን የቱ እንደሆነ አያውቅም።

ይህን ጥናት ሳነብ እኔን የያዘኝ አንድ ጥያቄ ነበር። እሺ፣ ድምፁ ይጎዳል፤ ድምፁ ሲቀንስስ ጉዳቱ ይቀራል? ያንን የመለሰው እዚያው ሊዛርድ ደሴት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ነው፤ ከሁሉም አስበልጬ የምወደውም እሱን ነው። በዚህ ጊዜ ድምፅ ማጉያ አልተጠቀሙም። በአንዳንድ የኮራል አለቶች ዙሪያ የእውነተኛ ጀልባ ነጂዎች ራቅ ብለው እንዲያልፉና ሲቀርቡ እንዲያዘግሙ ተደረገ። በሌሎቹ እንደ ወትሮው ተነዳ። የመራቢያው ወቅት ሲያልቅ ጀልባ ራቅ ባለባቸው አለቶች ላይ ከጎጆዎቹ 65 በመቶ የሚሆኑት ገና ልጆች ነበሯቸው። እንደ ወትሮው በተነዳባቸው 40 በመቶ ብቻ። ማንም አልተከለከለም፣ ባሕሩም አልተዘጋም። ጀልባዎቹ መንገዳቸውን ዞር አደረጉ፣ በቃ።

ሌሎችም አሉ፤ ለመምህርሽ እንድትነግሪያቸው በአጭሩ ልጥቀስልሽ። በሰሜን ጣሊያን፣ ትሪዬስቴ አጠገብ ባለው የሚራማሬ የባሕር ጥብቅ ስፍራ፣ የጀልባ ድምፅ ሲኖር አንዱ ዓይነት ዓሣ ጎጆውን የሚንከባከብበት፣ ሌላው ደግሞ በመሸሸጊያው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ቀንሶ ተገኝቷል። ጎቢ በሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ላይ በገንዳ ውስጥ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ደግሞ የማያቋርጥ ድምፅ ተጋብቶ እንቁላል መጣልን ጎዳ፤ እየተቋረጠ የሚመጣው ግን እንደዚያ አልጎዳም። ይህችን ያዢልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ። ኮድ የሚባለውን ትልቅ የገበያ ዓሣ የሚመለከት ሌላ የገንዳ ጥናትም አለ። በእንቁላል መጣያው ወቅት ድምፅ ሲለቀቅባቸው በሕይወት የሚቀጥለው ጽንስ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ድምፁ በመሣሪያ የተሠራ እንጂ የጀልባ አልነበረም፤ ስለዚህ ይህን እንደ ማስጠንቀቂያ ብቻ ውሰጂው።

ከእንቁላል ወጥተውም ጣጣው አያልቅም። እዚያው ሊዛርድ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት፣ ጀልባ በሚያልፍበት ጊዜ ዶቲባክ የተባለው አዳኝ ዓሣ ከወትሮው ከእጥፍ በላይ ትንንሽ ዓሦችን በላ። ትንንሾቹ በድምፁ ደንግጠው፣ ተዘናግተው፣ ሲመጣባቸው ቶሎ አልሸሹም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። አባቴም አጥማጅ ነበር፣ እሱ በመቅዘፊያ፣ እኔ በሞተር። ልጆቼን የማሳድገው በዚህች ሞተር ነው። አንተ የጻፍከውን ሳነብ «ይኸውና አሁን ደግሞ ድምፃችሁ ሊባል ነው» አልኩ። ምን እንድናደርግ ነው የምትፈልገው? እንደገና እንድንቀዝፍ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል። ሞተርህን እንድትጥል አልፈልግም። ዓሣው ሳይፈለፈል ቢቀር ከማንም በፊት ባዶ መረብ የሚጎትተው አንተ ነህ። ስለዚህ ይህ ወሬ ከሁሉ በላይ ያንተ ነው።

ደግሞም ዓሣን ማዳመጥ የሳይንቲስት ፈጠራ አይደለም። በማሌዥያ ዳርቻ ጁሩ ሴላም የሚባሉ አጥማጆች አሉ። ሥራቸው ጭንቅላታቸውን ውሃ ውስጥ አድርገው ዓሣው የት እንዳለ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ በድምፁ መለየት ነው። ሞተር በሚጮኽበት ባሕር ይህ ሙያ አይሠራም። አባትህ በመቅዘፊያ ሲሄድ ከጀልባው ሥር ምን ይሰማ እንደነበር ጠይቀኸው ታውቃለህ? በሕይወት ካለ ጠይቀውና ጻፍልኝ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ከጀልባ የሚወጣው ድምፅ ዋናው ምንጭ ፕሮፔለሩ፣ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋት ባለ ክንፍ ብረት፣ ነው። ፕሮፔለር በፍጥነት ሲሽከረከር ከክንፎቹ ጀርባ ያለው ግፊት ይወርድና ውሃው አረፋ ይሠራል። አረፋዎቹ ወዲያው ይፈነዳሉ። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፍንዳታዎች ናቸው። ሳይንቲስቶች ካቪቴሽን ይሉታል። ለዓሣውም ክፉ ነው፣ ላንተም ክፉ ነው፤ የፕሮፔለሩን ብረት እየጫረ የሚበላው ይኸው ነው። ክንፉ የተሸረፈ ወይም የተጣመመ ፕሮፔለር ደግሞ በዝቅተኛ ፍጥነትም አረፋ ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ የምለምንህ ፕሮፔለርህን አውጥተህ እንድታየው ነው። ጠርዙን በጣትህ ዳብሰው። የሚነክስ ነገር ካለ አሠራው። ነዳጅም ትቆጥባለህ።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ጀልባዋ ስትዘገይ አረፋው ይጠፋል ወይም ይቀንሳል፤ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ አዝግም አልልህም። ጥልቅ ውሃ ላይ እንደልብህ ሂድ። ዓሣ የሚራባበትን ቦታ ግን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ድንጋያማው ዳርቻ፣ የባሕር ሣሩ፣ የወንዙ አፍ፣ የኮራሉ ጠርዝ። እዚያ ስትደርስ ቀነስ አድርግ። ዞረህ ማለፍ ከቻልክ ደግሞ እሱ ይሻላል። ስትደርስ ሞተሩን እያስጮኽክ አትቁም፤ አጥፋው።

ሦስተኛው ሞተሩ ራሱ ነው፤ ይህን የምለው ለመግዛት አስበህ ከሆነ ብቻ ነው። ቱ ስትሮክና ፎር ስትሮክ (በሁለት ምትና በአራት ምት የሚሠሩ) ሞተሮች ለዓሣ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሊዛርድ ደሴት የወጣ ጥናት ዳምዘልፊሽ የሚባሉ ትንንሽ የኮራል ዓሦች ጽንሶችን የልብ ምት ገና በእንቁላል ውስጥ ሳሉ ለካ። አስበው፣ ገና ዓይኑ ሲታይ፣ ገና ከእንቁላሉ ሳይወጣ። ጀልባ ሲያልፍ ልቡ ይፈጥናል። በቱ ስትሮክ የታየው ጭማሪ በፎር ስትሮክ ከታየው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ይህን ያነበብኩ ቀን ሌላ ነገር መሥራት አልቻልኩም። በሚቀጥለው ጊዜ ሞተር ስትቀይር ይህን አስብልኝ። የኤሌክትሪክ ሞተርም በዝግታ ሲሄድ በጣም ጸጥ ያለ ነው፤ በኃይል ከነዱት ግን ፕሮፔለሩ ያው አረፋውን ይሠራል።

እና ያቺ እመለስባታለሁ ያልኩት የጎቢዎቹ ነገር። የማያቋርጥ ድምፅ ከሚቋረጠው ይብሳል ብያለሁ። ለእናንተ ትልቅ ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአንድ ወደብ የምትወጡ አጥማጆች ተነጋግራችሁ አንድ ላይ ብትወጡ፣ አንድ ላይ ብትመለሱ፣ በመሃል ዓሣው ፋታ ያገኛል። ሃያ ጀልባ በሃያ ደቂቃ ልዩነት ሲያልፍ ግን ፋታ የለም። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በአእምሮዬ ያለው ያ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ዓሣው ፋታ ካገኘ እንደገና ይጣራል። ፋታውን የሚሰጠው ደግሞ ነጂው ነው።

ጥያቄ፦ ጀልባዬ ላይ ዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ አለ፤ ድምፅ ልኮ የሚመልስ። እሱስ ይረብሻቸዋል? ላጥፋው?

መልስ፦ አብዛኛዎቹ የትንንሽ ጀልባ መሣሪያዎች የሚሠሩት በ50,000 እና በ200,000 ሄርዝ አካባቢ ነው። ያ ድምፅ ከአብዛኞቹ ዓሦች ጆሮ እጅግ ያለፈ ነው፤ አይሰሙትም። ለየት የሚሉት ሻድ የሚባሉት የሄሪንግ ዘመዶች ናቸው። የአሜሪካው ሻድ እስከ 180,000 ሄርዝ ድረስ እንደሚሰማ ታውቋል፤ ከሚያድኑት ዶልፊኖች ለማምለጥ ይጠቅመዋል ይባላል። መሣሪያህን ተወው፤ ያንተ ጉዳይ ፕሮፔለሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሰው እንኳ መንገድ ዳር ቤት ተከራይቶ ከጊዜ በኋላ የመኪናውን ድምፅ ይለምደዋል። ዓሣ አይለምድም?

መልስ፦ አንዳንዱ ይለምዳል። በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ፣ ሞሬያ ደሴት፣ አንድ ትንሽ የኮራል ዓሣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጀልባ ድምፅ ሲሰማ እየተደበቀና ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ነበር። ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ይህ ቀረ። እዚያው ደሴት ላይ ግን የባሕር አበባ (አኒሞኒ) በሚባለው አበባ መሰል እንስሳ ውስጥ በሚኖሩት ክላውንፊሽ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ላይ የተሠራው ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። እስከ ሁለት ቀን የጀልባ ድምፅ የሰሙት ይበልጥ ይደበቁ ነበር፤ የጭንቀት ሆርሞናቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። አንድን ልምድ ለሁሉም ማድረግ አይቻልም።

አንድ ነገር ግን አትርሺ። መልመድ ማለት አለመደንገጥ ነው። ዓሣው ባይደነግጥም ጥሪው ያው አይሰማም። መንገድ ዳር የሚኖረው ሰው መኪናውን ለምዶ ይተኛል፤ ልጁ ከታች ሲጠራው ግን መስማት አይችልም። ይህ የሚለመድ ነገር አይደለም።

ጸጥታ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚሰማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም ሁሉ ቤቱ ሲዘጋ ታይቷል። በኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ አጠገብ ባለው የሃውራኪ ባሕረ ሰላጤ፣ በማርች ወር መጨረሻ መዝናኛ ጀልባዎች ባንዴ ቆሙ። አስቀድሞ ውሃ ውስጥ የነበሩ መቅረጫዎች ሥራቸውን ቀጥለው ነበር። ጩኸቱ ወዲያው ወረደ፤ ዓሦችና ዶልፊኖች የሚደማመጡበት ርቀት እስከ 65 በመቶ ሰፋ። የፈሰሰ ዘይት ለመጥፋት ዓመታት ይፈልጋል፣ ፕላስቲክ ደግሞ ከዚያም በላይ። ድምፅ ግን ሞተሩ በጠፋባት ደቂቃ ይጠፋል። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ተስፋ ሳልቆርጥ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቱሪስት ወደ ኮራል የሚወስድ ጀልባ ላይ አስጎብኚ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ገጽህን ካነበብኩ በኋላ ለአለቃዬ «ኮራሉ አጠገብ ስንደርስ ፍጥነት እንቀንስ» ብለው «ደንበኛ ይሰለቻል፣ ሕግም አያስገድደንም» አለኝ። እኔ ተራ ሠራተኛ ነኝ። ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ሕጉ አለቃህ ከሞላ ጎደል ልክ ነው። የዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 የውሃ ውስጥ ድምፅን ለመቀነስ መመሪያ አውጥቷል፣ በ2023 አሻሽሎታል። መመሪያው ግን በዋናነት ለመርከቦች ነው፤ በውዴታ የሚተገበር እንጂ የሚያስገድድም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የባሕር ሕግ የውሃ ውስጥ ድምፅን ከሚከታተላቸው ነገሮች አንዱ አድርጎታል። እንዳንተ ዓይነቷ ትንሽ ጀልባ ግን በአብዛኛው ቦታ ለነጂው ኅሊና የተተወች ናት።

ስለ ደንበኛው ግን ተሳስቷል። ሰው የሚሰለቸው ምክንያቱን ሳያውቅ ሲዘገይ ነው። አንተ ደግሞ አስጎብኚ ነህ፤ መናገር ሥራህ ነው። ጀልባዋ ፍጥነት ስትቀንስ ተነስና «አሁን የምናልፈው ከጎጆዎች በላይ ነው፤ እታች እንቁላል የሚጠብቁ አባቶች አሉ» በላቸው። ሁሉም ወደ ውሃው ጎንበስ ሲሉ ታያለህ። እኔ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሕፃን ካለ ደግሞ ከዚያ በኋላ ጥያቄው አያልቅም።

ከተቻለህ ሃይድሮፎን ፈልግ። ውድ የሆነው ለተመራማሪ ነው፤ ለማዳመጥ ያህል ቀለል ያሉ አሉ። ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘው። ኮራሉ ጠርዝ ላይ ስትደርሱ ሞተሩ ይጥፋ፣ ማይክሮፎኑን ከጀልባዋ ጎን በገመድ ሦስት አራት ሜትር አውርደው። መጀመሪያ የምትሰሙት ጥብስ መጥበሻ ላይ እንደሚንጫጫ ያለ ድምፅ ነው። እነሱ ሽሪምፕ የሚባሉ ትንንሽ የባሕር እንስሳት ናቸው፤ ጥፍራቸውን በኃይል እየዘጉ። አትቸኩል። ከዚያ ሥር ማጉረምረሙ፣ መንኳኳቱ ይመጣል። ያ ዓሣው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ይበዛልና የማታ ጉዞ ካላችሁ እሱን ምረጥ።

አለቃህንም አንድ ቀን ይዘኸው ውጣ። አትከራከረው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርግለትና ሌላ ጀልባ እስኪያልፍ አብራችሁ ጠብቁ። ካለፈ በኋላ ጥሪው ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደተመለሰ በሰዓት ያዝና ላክልኝ፤ ከእኔ አሥራ አንድ ደቂቃ ጋር ላስተያየው እፈልጋለሁ።